«ብረት ከነካው ይነሣብኛል»፦ የቆዳ ናሙና መቼና ለምን ይወሰዳል?

በአዲስ አበባ ዳር ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ባለች አንዲት ትንሽ ክሊኒክ የቁስል ክፍል ነርስ ነኝ። ቁስል አጥባለሁ፣ ስፌት አወጣለሁ፣ መርፌ እወጋለሁ። ከሥራዬ ሁሉ የሚከብደኝ ግን እጄ የሚሠራው አይደለም፤ «ናሙና ይወሰድልዎ ተብሏል» ብዬ ለታካሚ የምነግርበት ሰዓት ነው። ቃሉ ከአፌ ሳይወጣ ፊታቸው ይለዋወጣል። ግማሹ ሰው «ባዮፕሲ»፣ ማለትም የናሙና ምርመራ፣ ሲባል «ካንሰር ነው» የተባለ ይመስለዋል። ሌላው ደግሞ ስለት ቆዳውን ከነካው በሽታው ተቆጥቶ መላ ሰውነቱን እንደሚወርስ ያምናል። ሁለቱም ስሕተት ናቸው፤ ግን ሁለቱም ሰውን ከሕክምና ያሸሻሉ።

ከእነዚህ ሸሽተው ከነበሩ ሰዎች አንዱ እዚሁ ሰፈር የብሎኬት ማምረቻ ዘበኛ የሆኑ አባት ናቸው። ልጅ ሳሉ ምድጃ ላይ ወድቀው የተቃጠሉበት ጠባሳ ቅልጥማቸው ላይ አለ። ጠባሳው ዕድሜ ልካቸውን ዝም ብሎ ኖሮ አንድ ክረምት ላይ ቆሰለ። ፌጦ ተባለ፣ አደረጉ። ነጭ ሽንኩርት ተባለ፣ አደረጉ፤ እሱ ደግሞ ዙሪያውን አቃጠለው። ከፋርማሲ ቅባት ገዙ፣ ቀቡ። እኛ ጋ ሲመጡ ስምንት ወር አልፏል። ጨርቁን ስፈታው የቁስሉ ጠርዝ ከቆዳው ከፍ ብሎ እንደ ድፎ ዳቦ ዳር ደንድኗል፤ መሃሉ በጋዝ ጫፍ ስነካው ደማ። ጤና መኮንኑ አየና ሳይውል ሳያድር ሪፈር ጻፈላቸው። እርሳቸው ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና «ልጄ፣ ብረት ከነካውማ ይነሣብኛል። ይቅርብኝ» አሉኝ።

«አባባ፣» አልኳቸው፣ «ጤፍ ሲገዙ እንዴት ነው የሚመርጡት?»

የእህል በረንዳ ደንበኛ የሆነ ሰው ያውቀዋል። ነጋዴው የማዳበሪያውን አፍ ከፍቶ ከላይ ያለውን ቢያሳይህ አታምነውም። ከላይ ማኛ ሆኖ ከሥር ሰርገኛ ሊሆን ይችላላ! ስለዚህ ሹል፣ ውስጡ ክፍት የሆነ ብረት ማዳበሪያው ጎን ላይ ይወጋና ከመሃል ጥቂት ፍሬ መዳፍ ላይ ይፈስሳል። ማዳበሪያው በዚያች ቀዳዳ ምክንያት አይበላሽም፤ ውስጡ ያለውም ጤፍ ስለተወጋ ዓይነቱን አይቀይርም። የነበረውን ነው የሚነግርህ። አባባ ፈገግ አሉ፤ ወረቀቱ ግን ከኪሳቸው አልወጣም። ያን ዕለት አልተስማማንም።

ቆዳም እንደ ማዳበሪያው ነው። ላይኛው ንጣፍ በአብዛኛው የሰውነት ክፍል ላይ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ብዙም አይበልጥም፤ እግር መዳፍ ላይ ነው የሚወፍረው። ከሥሩ የፀጉር ሥር፣ የደም ሥር፣ ላብ አመንጪ ዕጢና ነርቭ የሚገኙበት ጠንካራው ንጣፍ አለ። ከዚያ በታች ስብ። የሐኪም ዓይን ምንም ቢሠለጥን የሚያየው የላዩን ነው፤ በሽታው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሠፈሩ ከታች ነው። ባዮፕሲ ማለት እንግዲህ ከሁሉም ንጣፍ ትንሽ ትንሽ ይዞ ወጥቶ በማይክሮስኮፕ ማየት ነው። የምርመራ ዓይነት ነው፣ የበሽታ ስም አይደለም።

ይህን ስል ሽፍታ ያየ ሁሉ ይቆረጥ ማለቴ አይደለም። እኛ ጋ የሚመጣው አብዛኛው የቆዳ ችግር በማየትና በመጠየቅ ያልቃል። ቤተሰቡ በሙሉ ሌሊት ሌሊት እያከከ የሚያድር ከሆነ እከክ ነው። በአንድ ጎን ብቻ እንደ መቀነት የዞረ፣ ውሃ የቋጠረና የሚያቃጥል ሽፍታ አልማዝ ባለጭራ ነው። ብጉር፣ ማድያት፣ የልጆች ቆረቆር፣ እነዚህ ስለት አያስፈልጋቸውም። ጭርት ቢያጠራጥር እንኳ ቅርፊቱን ፈቅፍቆ መስታወት ላይ አድርጎ አንድ ጠብታ ኬሚካል ጨምሮ ማየት ይበቃል፤ ፈንገሱ ክር ክር ሆኖ ይታያል። ከልጅነት ጀምሮ ያለች፣ መልኳን ያልቀየረች ጥቁር ነጥብም ማርያም ስማው እንጂ ሌላ አይደለችም፤ በሰላም ትኑር።

ታዲያ መቼ ነው? እኔ ከሐኪሞቹ አፍ ሰምቼ ለራሴ የያዝኩት መልስ ይህ ነው፦ ሁለት በሽታ አንድ መልክ ይዘው ሲመጡና መድኃኒታቸው የማይገናኝ ሲሆን። መልኩ ቢያጠራጥርም ሕክምናው አንድ ከሆነ ብዙ ጊዜ መቁረጥ አያስፈልግም። መልሱ የሚቀይረው ነገር ካለ ግን ያስፈልጋል።

ይህን በደንብ የሚያሳየው አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ያለው አለርት ሆስፒታል ነው። ዛሬ ከተማው ውጦት መሃል ይምሰል እንጂ፣ ሥፍራው በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የተሰየመ የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ሲሆን ከአዲስ አበባ ውጭ ነበር፤ ሰዎቹን ከከተማ ማራቅ ነበር የዘመኑ አሳብ። አለርት ራሱ እ.ኤ.አ. በ1965 ተቋቋመ። አጠገቡ ያለው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1970 ተከፈተ፤ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1873 የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ካገኘው ኖርዌያዊ ሐኪም ነው። እንግዲህ ወደዚያ ፊቱ ላይ እባጭ እባጭ ያወጣ፣ የጆሮው ጫፍ የወፈረ ሰው ይመጣል እንበል። የሥጋ ደዌ ሊሆን ይችላል። ግን በደጋው አገራችን ቁንጭር የምንለውም አለ፤ ከሽኮኮ ወደ ሰው በጥቃቅን የአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ ጥገኛ ተሕዋስ የሚያመጣው ነው። ብዙ ጊዜ ፊት ላይ አንድ ቁስል ሆኖ ይቀመጣል። አልፎ አልፎ ግን በመላ ሰውነት ይሠራጭና የሥጋ ደዌ መንትያ እስኪመስል ድረስ ይመሳሰላል። አንዱ ባክቴሪያ ነው፣ ሌላው ጥገኛ ተሕዋስ ነው። የአንዱ መድኃኒት ለሌላው ከንቱ ነው። የሥጋ ደዌው እንደ ዓይነቱ ስድስት ወር ወይም አሥራ ሁለት ወር የሚዋጥ፣ በነጻ የሚሰጥ የተጣመረ መድኃኒት አለው። ቁንጭሩ ግን በመርፌ ወይም በማቀዝቀዝ ይታከማል።

እዚህ ላይ ሐኪሙ ወዲያው ስለት አያነሣም። በመጀመሪያ በጥጥ ጫፍ ቆዳውን ይነካካል፤ ደብዝዞ የተለየው ቆዳ መነካቱን ካላወቀ ጥርጣሬው ወደ ሥጋ ደዌ ያዘነብላል። ክርን ላይ ያለው ነርቭ ወፍሮ እንደሆነም ይዳስሳል። ቀጥሎ ከጆሮ ጫፍ ወይም ከእባጩ ላይ በምላጭ ጫፍ ቀጭን ጭረት ተደርጎ ከጭረቱ የወጣው እርጥበት መስታወት ላይ ይቀባል። በተገቢው ቀለም ሲታይ የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ እንደ ቀይ ስንጥር፣ የቁንጭር ተሕዋስ ደግሞ እንደ ትንሽ ክብ ነጠብጣብ ይታያል። ብዙ ጊዜ ምርመራው እዚህ ላይ ያበቃል። ጭረቱ ምንም ሳያሳይ ሲቀርና ጥርጣሬው ሳይለቅ ሲቀር ግን ከቆዳው ሙሉ ውፍረት ቁራጭ ይወሰዳል፤ በቁራጩ ውስጥ ነርቭ ተጠቅቶ እንደሆነ ይታያልና። በነገራችን ላይ ለምጽ ከዚህ ሁሉ የለም። ለምጽ ቀለም የለቀቀ ቆዳ ነው፣ ንክኪም ያውቃል፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ለምጽንና የሥጋ ደዌን በአንድ ስም የሚጠራ ሰው እስከ ዛሬ አለ፣ ስንቱን ትዳር እንዳፈረሰ እግዜር ይወቀው።

ሁለተኛው የምንቸገርበት ነገር ቅባት ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ብቆጣም አይፈረድብኝ። ቤታሜታዞን፣ ክሎቤታሶል የሚባሉት ቅባቶች በትክክለኛ ቦታቸው ግሩም መድኃኒቶች ናቸው። ችግሩ ሰው ማሳከኩ በሁለት ቀን ጋብ ሲልለት ለጎረቤቱ ያውሰዋል፣ ፊቱም እንዲያምርለት ይቀባዋል። ሽፍታው ጭርት ከሆነ ላይ ላዩ ይጠፋና ከሥር ፈንገሱ እየሰፋ ይሄዳል፤ ከወራት በኋላ የሚመጣው ነገር ጭርትም አይመስል፣ ችፌም አይመስል። እንዲህ የተድበሰበሰ ቆዳ ነው አንዳንዴ ባላስፈለገው ባዮፕሲ የሚጨርሰው። ይባስ ብሎ ቅባቱ በማይክሮስኮፕ የሚታየውንም ይሸፍናል። ስለዚህ ሐኪሙ ናሙና ከመውሰዱ በፊት «ሁለት ሳምንት ምንም አትቀባ» ቢል ሕክምና ነፈገኝ አትበሉ። ምን ስትቀቡ እንደቆያችሁ ቱቦውን ራሱን ይዛችሁ ሂዱ፤ «ነጭ ቅባት ነው፣ ክዳኑ ቀይ ነው» ከሚለው ይሻላል።

ችፌና የቆዳ ድርቀት የመሰለ ነገር ለዓመታት ቆይቶ መድኃኒት እንቢ ሲል፣ በተለይ ፀሐይ በማያገኘው የመቀመጫና የጭን አካባቢ ሲሆን፣ ከቆዳ የሚነሣ የደም ሴል ካንሰር ሊሆን ይችላል። ይህ በሽታ ተንኮለኛ ነው፤ መጀመሪያ የተወሰደው ናሙና ምንም ሳያሳይ ቀርቶ ከዓመት በኋላ የተወሰደው ሊያሳይ ይችላል። «አንዴ ተቆርጬ ነጻ ነህ ተብያለሁ» ማለት ሁልጊዜ መጨረሻ የማይሆነው ለዚህ ነው። ውሃ እየቋጠረ የሚላጥ፣ አፍ ውስጥም የሚያቆስል በሽታም እንዲሁ ባዮፕሲ ከግድ የሚሆንበት ነው፤ ለዓመታት ከባድ መድኃኒት የሚያስወስድ ነገር በግምት አይጀመርም። ኤችአይቪ በደሙ ያለ ሰው ቆዳው ላይ ወይም ላንቃው ላይ ሐምራዊ፣ የማይጠፋ እባጭ ካየ ሳይውል ሳያድር መታየት አለበት።

ወደ አባባ ጠባሳ ልመለስ፤ ለዚህ ጽሑፍ ምክንያቱ እሱ ነውና። አሮጌ የእሳት ጠባሳ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ብዙ ጊዜ ከሃያና ሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ቁስል ሆኖ ሲነሣ ካንሰር ሊሆን እንደሚችል ሐኪሞች ካወቁት ቆይቷል፤ ዣን ኒኮላ ማርዦላን የተባለ ፈረንሳዊ ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1828 ጠባሳ ላይ ስለሚወጡት እንዲህ ዓይነት ቁስሎች ጽፎ ስሙ እስከ አሁን ይጠራባቸዋል። በእኛ አገር ሕፃን ምድጃ ላይ መውደቁ፣ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው እሳት ላይ መውደቁ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ስለዚህ ይህ ቁስልም እንግዳ አይደለም። ጠባሳ ብቻም አይደለም፦ ለዓመታት የቆየ የእግር ቁስል፣ ከአጥንት የሚነሣ መግል የሚያፈስ ቀዳዳም ወደዚያ ሊሄድ ይችላል። በደንብ እየታጠበና እየታሸገ በሁለት ሦስት ወር ለመዳን ምልክት ያላሳየ፣ ጠርዙ የተነሣ፣ በትንሹ የሚደማ ቁስል ካለ ቅባት መቀያየሩ ይብቃና ናሙና ይወሰድ።

ሌላው ሳይታይ የሚቀር ቦታ የእግር መዳፍና ጥፍር ነው። ጥቁር ቆዳ ያለው ሰው አደገኛው የጥቁር ነጥብ ካንሰር እምብዛም አይዘውም፤ ሲይዘው ግን ብዙ ጊዜ ፀሐይ በማይነካው በእግር መዳፍ፣ በእጅ መዳፍ ወይም ከጥፍር ሥር ነው። ቦብ ማርሌይን በ36 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1981 የገደለው ከእግር ጣቱ ጥፍር ሥር የጀመረ እንዲህ ዓይነት ካንሰር ነበር፤ መጀመሪያ የኳስ ጉዳት ነበር የመሰለው። በእኛ ቆዳ ጥፍር ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር መኖሩ በራሱ የተለመደ ነው፤ በብዙ ጣት ላይ ካለ ይበልጥ አያስደነግጥም። አንድ ጣት ላይ ብቻ የወጣ፣ እየሰፋ የሚሄድ፣ ጥቁረቱ ከጥፍር አልፎ ወደ ቆዳው የተሻገረ መስመር ግን ሌላ ነገር ነው። እዚህ ላይ ሐኪሙ በተቻለ መጠን ነጥቡን በሙሉ ከዙሪያው ጥቂት ጤነኛ ቆዳ ጋር ማውጣት ይመርጣል፤ ከጥቁሩ ነጥብ ጥልቀት ተነሥቶ ነው ቀጣዩ ሕክምና የሚወሰነው፣ ከላዩ ብቻ የተላጠ ናሙና ደግሞ ጥልቀቱን አይነግርም። አልቢኖ የሆኑ ወገኖቻችን ነገር ተቃራኒው ነው፤ የእነርሱ ፀሐይ ያገኘው ሁሉ፣ ፊት፣ አንገት፣ ጆሮ፣ የእጅ ጀርባ ነው የሚጠበቀው። እዚያ ላይ የማይድን ቅርፊት ካለ ቀጠሮ አይራዘምም።

አባባ ወረቀቱን ከኪሳቸው ያወጡት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፤ ልጃቸው ይዛቸው መጣች። ከተማ ሄደው ናሙናው ከተወሰደ በኋላ ቁስሉን የማጥበው እኔው ስለነበርኩ ነገሩን ደረጃ በደረጃ ነገሩኝ፣ እኔም ድሮ በሠራሁበት ሆስፒታል ስላየሁት አውቀዋለሁ። ቦታው ይጸዳና በቀጭን መርፌ ማደንዘዣ ይሰጣል። የሚያመው እሱ ነው፤ ለጥቂት ሴኮንድ ያቃጥላል፣ እውነቱን መናገር ይሻላል። ከዚያ በኋላ መነካካቱ ይታወቃል እንጂ ሕመም የለም። ከዚያ ክብ ስለት ያላት፣ እስክሪብቶ የመሰለች መሣሪያ ቆዳው ላይ ትቀመጥና እየተዟዟረች ወደ ታች ትገፋለች። ብዙ ጊዜ ስፋቷ አራት ሚሊ ሜትር ነው፤ የምስር ክክ ያህል። ቁራጯ በቀጭን መቆንጠጫ ጨምደድ ሳትደረግ ተነሥታ ከሥር በመቀስ ትቆረጣለች። አንድ ወይም ሁለት ስፌት፣ ጋዝ፣ ፕላስተር። ሁሉም ነገር ሻይ ቀርቦ እስኪቀዘቅዝ ያልቃል። እንደ አባባ ያለ ቁስል ሲሆን ከጠርዙ፣ ያውም ከሁለት ሦስት ቦታ ይወሰዳል፤ መሃሉ ላይ የሞተ ሥጋ ብቻ ነው የሚገኘው።

«ሳልበላ ልምጣ ወይ?» የሚል አይጠፋም። አያስፈልግም፤ በጾም ቀንም ቢሆን የጾሙን ምሳ በልቶ መምጣት ይሻላል፣ በባዶ ሆድ ዓይናቸው የጨለመባቸውን ሰዎች ደግፌ አውቃለሁ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ይንገር እንጂ በራሱ አያቁም፤ ማቆሙ ከትንሿ ቀዳዳ ይልቅ ሊጎዳ ይችላል። የጆሮ ቀዳዳው ወይም የክትባት ቦታው እንደ ድንች ያበጠበት ሰውም ይናገር፤ ደረትና ትከሻ ላይ ጠባሳው ሊያብጥ ስለሚችል ቦታ ይመረጥለታል። ስኳር ያለበት ሰው ናሙናው ከቅልጥም ከተወሰደ ቶሎ እንደማይደርቅ ይወቅ። የፊት ስፌት በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ የእጅና የገላ ከአሥር ቀን በኋላ፣ የእግር እስከ ሁለት ሳምንት ይወጣል። ጸበል የሚጠመቅ ሰው ስፌቱ እስኪወጣ መጠመቁን ያቆየው፤ መጠጣቱን የከለከለ የለም።

አሁን ከሁሉ በላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው የናሙናውን ጉዞ ነው፤ ምክንያቱም በከተማው ዳር ለምንኖር ሰዎች ብዙ ጊዜ ናሙናውን ወደ ፓቶሎጂ፣ በማይክሮስኮፕ ወደሚታይበት ላቦራቶሪ፣ የሚያደርሰው ራሱ ታካሚው ወይም ቤተሰቡ ነው፣ ሁለት ሦስት ታክሲ ቀይሮ። ቁራጯ እንዳትበላሽ ፎርማሊን በሚባል ማቆያ ፈሳሽ ውስጥ መዋል አለባት፤ ፈሳሹ ቢያንስ የቁራጯን አሥር እጥፍ መሆን አለበት። ውሃ ውስጥ ከተጨመረች ትበሰብሳለች። በጋዝ ጠቅልሎ ኪስ ውስጥ የሚከት አለ፤ ደርቃ ትደርሳለች። «እንዳይበላሽ» ብሎ ፍሪዘር ውስጥ የሚያሳድር አለ፤ ያኔ ሕዋሶቿ ይፈራርሳሉ። ፎርማሊኑ ውስጥ እስካለች ድረስ በቤት ሙቀት ማደሯ አይጎዳም፤ ክዳኑ ይጥበቅ፣ ልጅ ከሚደርስበት ይራቅ፣ አይሽተት። አንድ ነገር ብቻ፦ ፎርማሊን ሕይወት ያለውን ሁሉ ይገድላል። ሐኪሙ የቆዳ ቲቢ ወይም የውስጥ ፈንገስ ጠርጥሮ ተሕዋሱን ማሳደግ ከፈለገ ሌላ ቁራጭ በንጹሕ ጨዋማ ውሃ ለብቻው ይልካል። ሁለት ብልቃጥ ከተሰጣችሁ ታዲያ ትርፍ አይደለም፣ አንዱ ቢቀር ምን አለበት አትበሉ።

ስለ ስም ጉዳይ የራሴን ኃጢአት ልናገር። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት የሁለት ሰዎች ናሙና በአንድ ጠዋት ተወሰደና እኔ ስማቸውን ክዳኑ ላይ ጻፍኩ። ላቦራቶሪ ውስጥ ክዳን ይከፈታል፤ ሁለት ክዳን ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጥ የቱ የማን እንደሆነ ማን ያውቃል? ደግነቱ የላቦራቶሪው ባለሙያ ሳይከፍት አይቶ ደወለልኝ። ከዚያ ወዲህ በወፍራም እስክሪብቶ ብልቃጡ ላይ ነው የምጽፈው፤ ስም፣ የካርድ ቁጥር፣ ቀን፣ የተወሰደበት ቦታ። እናንተም ብልቃጡን ስትቀበሉ ስማችሁ ጎኑ ላይ መኖሩን እዩ። ደፋርነት አይምሰላችሁ።

ወረቀቱስ? «ቁስል፣ ናሙና ተልኳል» ብቻ የተጻፈበት ወረቀት ፓቶሎጂስቱን ዓይኑን አሥሮ እንደመላክ ነው። እርሱ ታካሚውን አያየውም፤ ያየው የምስር ክክ ነው። ዕድሜ፣ የሰውነት ቦታ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ ምን ሲቀባ እንደቆየ፣ የቀድሞ ጠባሳ መኖሩ፣ ሐኪሙ የጠረጠራቸው ሁለት ሦስት በሽታዎች ከተጻፉለት መልሱም ያንኑ ያህል ይጠራል። በጤና መድን የምትታከሙ ደግሞ ከጤና ጣቢያ የጀመረው የሪፈር ሰንሰለት እንዳይበጠስ ወረቀታችሁን ጠብቁ፤ መስኮት ላይ ከመመለስ ያድናል።

ውጤቱ በዕለቱ አይደርስም። ቁራጯ በኬሚካል ትደርቃለች፣ ትኩስ ሰም ይፈስስባትና ትረጋለች፣ ከዚያ ከፀጉር ውፍረት ከአሥር እጥፍ በላይ የቀጠነ ስስ ሽፋን ይቆረጥና ሮዝና ሐምራዊ ቀለም ይነከራል። ፈንገስ ወይም ባክቴሪያ ከተፈለገ ሌላ ቀለም ይጨመራል፣ ቀኑም ይጨምራል። ወረቀቱ ሲመጣ ሁልጊዜ አንድ የበሽታ ስም አይጻፍበትም። «ከዚህ በሽታ ጋር ይስማማል» ሊል ይችላል፤ ያን ጊዜ ሐኪሙ ያየውንና ወረቀቱ ያለውን አጋብቶ ይወስናል። «ለይቶ የሚናገር ነገር የለም» ሊልም ይችላል፤ ይህ ጤነኛ ነህ ማለት አይደለም፣ ጥያቄው አልተመለሰም ማለት ነው። ወረቀቱን ይዞ ወደ ቆረጠው ሐኪም መመለስ እንጂ ስልክ ላይ ቃሉን እየፈለጉ ሲብሰለሰሉ ማደር አይጠቅምም።

የብሎኬቱ ዘበኛ ውጤት ካንሰር ነበር። ስለቱ ያመጣው አይደለም፤ ስምንት ወር ሙሉ እዚያው ነበረ። የቆዳ ናሙና መውሰድ ካንሰርን አያሠራጭም፤ የሚያሠራጨው ጊዜ ነው፣ እርሳቸው ጋ ግን ወደ ብሽሽታቸው ሳይሄድ ተደረሰበት። ቁስሉ ከዙሪያው ጋር ወጥቶ ከጭናቸው ቆዳ ተለጠፈበት። ለማሸግ ሲመጡ ሐኪሙ «የሰም ብሎክዎ ላቦራቶሪ ተቀምጧል፣ ሌላ ሐኪም ደግሞ ልይ ቢል ከዚያው ይቆረጣል እንጂ እርስዎ አይቆረጡም» እንዳላቸው ነገሩኝ። ቆየት አሉና ጠየቁኝ።

«እዚያም ብሎኬት አለ እንዴ?»

«አለ፣ አባባ። የጥፍር ያህል ነው።»

«እሱንስ ማን ይጠብቀዋል?» አሉ።